ከኩላሊት በላይ ያለችው ትንሽ ዕጢ፦ የአድሬናል ቱመርና የቀዶ ጥገና ሕክምናው



በየጉባኤያችን ለጸሎት ከሚቀርቡ ሕመሞች መካከል የደም ግፊትና የስኳር ሕመም በብዛት ይሰማሉ። "አድሬናል" የሚለው ስም ግን እምብዛም አይሰማም። ሆኖም በመድኃኒት አልወርድ ካለ ግፊት፣ ከየት መጣ ከማይባል የስኳር ሕመም፣ ድንገት ከሚያንቀጠቅጥና በላብ ከሚያጠምቅ ሕመም በስተጀርባ አንዳንድ ጊዜ የምትገኘው ይህች ትንሽ ዕጢ ናት። ችግሩ ከታወቀ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ይድናል ወይም በእጅጉ ይቃለላል። ካልታወቀ ደግሞ ሰውን በጎልማሳነቱ ሊቀጥፍ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ይዘው እንዲሄዱ እንወዳለን፤ ይኸውም በአድሬናል ቱመር ሕክምና ውስጥ ሕይወት የሚተርፈው በቀዶ ጥገናው ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት በሚደረገው ዝግጅትና ከዚያ በኋላ በሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

አድሬናል ዕጢ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንነጋገር። በአማርኛ "ዕጢ" ስንል ሁለት ነገሮችን እናመለክታለን። አንደኛው እግዚአብሔር በሰውነታችን ያስቀመጠው፣ ሆርሞን የሚያመነጭ ጤናማ አካል ነው። ሁለተኛው "ዕጢ ወጣበት" ስንል የምንጠቅሰው ያልተፈለገ እድገት ነው። ስለዚህ ሐኪም "አድሬናል ዕጢዎ" ሲልዎት ወዲያው አይደንግጡ፤ እያንዳንዱ ሰው አድሬናል ዕጢ አለው። በዚህ ጽሑፍ ጤናማውን አካል "ዕጢ"፣ ያልተፈለገውን እድገት ደግሞ "ቱመር" እንለዋለን።

አድሬናል ዕጢዎች ሁለት ናቸው። በቀኝና በግራ ኩላሊት ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው 5 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ባርቶሎሜዮ ኡስታኪ በ16ኛው መቶ ዘመን ስለ እነርሱ የጻፈ ቢሆንም ጥቅማቸው ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1855 እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እነዚህ ዕጢዎች ሲጠፉ ሰው እየደከመ፣ ቆዳው እየጠቆረ፣ በመጨረሻም እንደሚሞት በመጽሐፉ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ብራውን ሴካር የተባለ ተመራማሪ ሁለቱም ዕጢዎች የወጡባቸው እንስሳት በሕይወት እንደማይቆዩ አረጋገጠ። ዳዊት በመዝሙር 139 ኩላሊቱን ስለ ፈጠረለት እግዚአብሔርን ያመሰግናል። በዚያው ኩላሊት ላይ የተቀመጡት እነዚህ ጥቂት ግራሞችም ያለ ምክንያት የተፈጠሩ አይደሉም።

ዕጢው ሁለት ክፍል አለው። የውጭው ክፍል ሦስት ዓይነት ሆርሞኖችን ይሠራል። አልዶስቴሮን በሰውነት ውስጥ ያለውን ጨውና ፖታሲየም በመቆጣጠር የደም ግፊትን ይጠብቃል። ኮርቲሶል ስኳርን፣ ግፊትንና ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበትን ኃይል ያስተካክላል። ሦስተኛዎቹ ከጾታ ሆርሞኖች ጋር የሚዛመዱ ናቸው። የውስጡ ክፍል ደግሞ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊንን ያመነጫል። ድንገት አደጋ ሲገጥምዎ ልብዎ የሚመታው፣ እጅዎ የሚያልበው በእነዚህ ነው።

ቱመር ሲነሳ ምን ይሆናል?

ቱመሩ የሚያስከትለው ችግር በየትኛው ክፍል እንደ ተነሳና ሆርሞን ማመንጨት አለማመንጨቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በአጭሩ በአምስት ከፍለን እንመልከተው።

1. ዝምተኛው ቱመር። አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ካንሰር አይደሉም፤ ሆርሞንም አያመነጩም። ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ሰውየው ለሌላ ሕመም ሲቲ ስካን ሲነሳ በአጋጣሚ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይበዛሉ። ለብዙዎቹ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም።

2. አልዶስቴሮን የሚያበዛው። ጄሮም ኮን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ስለገለጸው የኮን በሽታ ይባላል። የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ፖታሲየም ሊወርድ ይችላል። በዚህም የጡንቻ መድከም፣ የእግር መኮማተር፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት ይመጣል። የአልዶስቴሮን መብዛት ቀድሞ እንደሚታሰበው ብርቅ አይደለም፤ የደም ግፊት ካለባቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት አለባቸው ተብሎ ይገመታል። በአንዳንዶቹ መነሻው በአንድ ወገን ያለ ቱመር ሲሆን በሌሎቹ ሁለቱም ዕጢዎች ናቸው። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጡ ግፊትዎ ካልወረደ፣ ወይም ገና በወጣትነትዎ ግፊት ከጀመረዎ፣ "የአልዶስቴሮን ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን?" ብለው ሐኪምዎን መጠየቅ ይገባዎታል።

3. ኮርቲሶል የሚያበዛው። በሃርቪ ኩሺንግ ስም የኩሺንግ ሕመም ይባላል። ፊት ይከብባል፣ ሆድና የማጅራት ሥር ይወፍራል፣ እጅና እግር ግን ይሰልላሉ። ቆዳ ይሳሳል፣ በቀላሉ ይበልዛል፤ በሆድ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ሰንበሮች ይታያሉ። ስኳርና ግፊት ይጨምራሉ፣ አጥንት ይደክማል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። ተመሳሳይ መልክ እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በመውሰድም ይመጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለመወፈር ወይም ፊትን ለማቅላት በእንክብልም ሆነ በቅባት የሚጠቀሙ አሉ። እንዲህ አድርገው ከነበረ ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒቱንም በራስዎ ፈቃድ በድንገት አያቁሙ፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ አደገኛ ነው።

4. አድሬናሊን የሚያበዛው። ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ አስደንጋጩ ነው። ሦስት ምልክቶች አንድ ላይ ይመጣሉ፦ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን። ፊት ይገረጣል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ግፊት በድንገት ይተኮሳል። ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቃል፤ ከዚያም ሰውየው ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሐኪም ቤት ሲደርስ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

5. ካንሰር የሆነው። ከዕጢው የውጭ ክፍል የሚነሳው ካንሰር እጅግ ጥቂት ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው በአንድ ወይም በሁለት ላይ የሚታይ ነው። ብዙውን ጊዜ ሲገኝ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጎ ነው። ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከሌላ ቦታ የተነሳ ካንሰርም ወደ አድሬናል ሊዛመት ይችላል።

በተጨማሪ እንደ ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ያበጠ ዕጢ ሁሉ ቱመር እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አዲሰን ከገለጻቸው ታማሚዎች መካከል በርካቶቹ ዕጢዎቻቸው በዚሁ በቲቢ የተጎዱ ነበሩ። በተለይ ሁለቱም ዕጢዎች አብረው ሲያብጡ ሐኪሙ ይህን ያስባል። የቲቢ ሕክምናው ደግሞ በመድኃኒት ነው እንጂ በቀዶ ጥገና አይደለም።

ፍርሃት ነው? መንፈስ ነው? ወይስ ሕመም?

ይህን ርእስ ማለፍ አንችልም። አንድ ሰው በድንገት ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ "ልሞት ነው" ሲል የሚያዩ ወገኖች ሁኔታውን የጭንቀት ሕመም ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ሊሉ ይችላሉ። እኛ ጌታ ዛሬም ነጻ እንደሚያወጣ እናምናለን። ነገር ግን ወንጌላውያን ራሳቸው ልዩነቱን ያውቁ ነበር። በማቴዎስ 4፥24 ወደ ጌታ ከመጡት መካከል በሕመም የሚሠቃዩትና አጋንንት ያደሩባቸው ተለይተው ተጠቅሰዋል። ሕመምተኛን ሕመምተኛ ማለት የእምነት ማነስ አይደለም።

ስለዚህ የጸሎት አገልጋይ ከሆኑ ይህን ምክር ይቀበሉን። እየጸለዩለት ያለው ሰው ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን አብረው እየመጡ የሚሄዱበት ከሆነ ጸሎቱን አያቋርጡ፤ ግን በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ይላኩት። ከተቻለ ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ግፊቱ ይለካ። አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ይህ ቱመር የለባቸውም። ያለበት አንድ ሰው ግን ሳይመረመር ቢቀር የሚደርስበት ጉዳት የልብ ድካም ወይም በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል።

ከቀዶ ጥገና በፊት የሚደረጉ ምርመራዎች

ቱመር በምስል ከታየ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። አንደኛው "ሆርሞን ያመነጫል ወይ?" የሚል ነው። ሁለተኛው "ካንሰር ይመስላል ወይ?" የሚል ነው።

የመጀመሪያው በደምና በሽንት ምርመራ ይመለሳል። ለኮርቲሶል የተለመደው ምርመራ ማታ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ውጦ በማግስቱ ጠዋት ደም መስጠት ነው። ጤናማ ዕጢ በዚህ መድኃኒት ሥራውን ይቀንሳል፤ በራሱ ፈቃድ የሚያመነጭ ቱመር ግን አይቀንስም። ለአድሬናሊን ሜታኔፍሪን የተባለው ውሁድ በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ይለካል። ግፊት ወይም የፖታሲየም መውረድ ካለ አልዶስቴሮንና ሬኒን አብረው ይለካሉ።

ሁለተኛው በሲቲ ስካን ይመለሳል። ሐኪሙ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ጥግግቱንም ያያል። ጥግግቱ 10 ወይም ከዚያ በታች የሆነና ወጥ መልክ ያለው ቱመር በስብ የተሞላ ደህና እድገት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ያለው ቱመር ሆርሞን የማያመነጭ ከሆነ ትልቅ ቢሆንም እንኳ ተጨማሪ የምስል ክትትል አያስፈልገውም ይላል። በአንጻሩ ከ4 ሴንቲ ሜትር የበለጠና መልኩ የተዘበራረቀ ወይም ጥግግቱ ከ20 በላይ የሆነ ቱመር ለቀዶ ጥገና ይታሰባል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ይያዙ። አንደኛ፣ ሜታኔፍሪን ሳይለካ በመርፌ ናሙና መውሰድ አይገባም። ፊዮክሮሞሳይቶማ ሆኖ ከተገኘ መርፌው ብቻውን ገዳይ የግፊት ማዕበል ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ የኮን በሽታ ሲሆን በምስል የታየው ቱመር ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በብዙ ታማሚዎች ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ በማስገባት ከሁለቱም ዕጢዎች ደም መልስ ሥር ናሙና ይወሰዳል። አልዶስቴሮን የሚበዛው ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ያ ዕጢ ይወጣል። ከሁለቱም ከሆነ ቀዶ ጥገና አይደረግም፤ እንደ ስፒሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት ይሰጣል።

ዝግጅቱ፦ ከቢላዋው በፊት ያለው ሥራ

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። በዚህ ሕክምናም ያለ ዝግጅት መጀመር አደጋ አለው።

በተለይ ለፊዮክሮሞሳይቶማ ዝግጅቱ የግድ ነው። ቱመሩ በቀዶ ጥገና ሰዓት ሲነካ ያጠራቀመውን አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃል። ስለዚህ ቢያንስ ከ7 እስከ 14 ቀን አስቀድሞ አልፋ ብሎከር የሚባል መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዶክሳዞሲን ወይም ፌኖክሲቤንዛሚን፣ ይሰጣል። መድኃኒቱ የተጨማደዱትን የደም ሥሮች ያላላል። የደም ሥሮች ሲላሉ የደሙ መጠን እንዲሞላ ታማሚው ፈሳሽና ጨው እንዲጨምር ይታዘዛል። ለዓመታት "ጨው አትብላ" ሲባል ለኖረ የግፊት ሕመምተኛ ይህ እንግዳ ትእዛዝ ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው። በሐኪም ሳይታዘዝ ግን ማንም እንዳያደርገው።

ልብን የሚያረጋጋው ቤታ ብሎከር፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለው፣ ቢያስፈልግ የሚሰጠው ከአልፋ ብሎከሩ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ግፊት ይብሳል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ድንገተኛ የግፊት ማዕበል ሊቀሰቅስ ስለሚችል አይሰጥም። በቀድሞ ዘመን ብዙዎች በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ያልፉ ነበር። ዛሬ ጥሩ ዝግጅትና ልምድ ያለው የማደንዘዣ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ከ100 ታማሚዎች የሚሞቱት ከ3 ያነሱ ናቸው።

ለኮን በሽታ ግፊትና ፖታሲየም ይስተካከላሉ። ለኩሺንግ ሕመም ስኳር ይስተካከላል፣ ከኢንፌክሽንና ከደም መርጋት መከላከያ ይታሰባል። ስለዚህ ሐኪምዎ "ከሁለት ሳምንት በኋላ እንሠራልዎታለን" ቢልዎት "ለምን ያዘገዩኛል?" ብለው አይማረሩ። እየተጠበቁ ነው እንጂ ችላ አልተባሉም።

ቀዶ ጥገናው እንዴት ይከናወናል?

እ.ኤ.አ. በ1926 ሴዛር ሩ በስዊዘርላንድ ሎዛን፣ ቻርልስ ሜዮም በዚያው ጊዜ አካባቢ በአሜሪካ ሮቼስተር አድሬናሊን የሚያመነጭ ቱመር በተሳካ ሁኔታ አወጡ። ሜዮ የታማሚዋን ሆድ ሲከፍት ምን እንደሚያገኝ አያውቅም ነበር። ለብዙ ዓመታት መንገዱ ሆድን ወይም ጎንን በረጅሙ መቅደድ ነበር። ዕጢዋ በሰውነት ጥልቀት፣ ከጎድን አጥንት ሥር ስለተሸሸገች ትንሿን ለማውጣት ትልቅ ቁስል ያስፈልግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሚሼል ጋኜ የተባለ ካናዳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዕጢውን በላፓሮስኮፒ ማውጣት እንደሚቻል አሳወቀ። ዛሬ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የሚመረጠው ይህ ነው። ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠውና በጎኑ ይተኛል። ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። በቀኝ በኩል ጉበት ቀስ ብሎ ከፍ ይደረጋል፤ በግራ ደግሞ ጣፊያና የቆሽት ጫፍ ገለል ይላሉ። ሌላው ዘዴ ታማሚውን በሆዱ አስተኝቶ በጀርባ በኩል መግባት ነው። በዚህ መንገድ የሆድ ዕቃ አይነካም።

ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው የዕጢውን ደም መልስ ሥር መዝጋት ነው። በግራ በኩል ያለው ረዘም ያለ ሲሆን ወደ ኩላሊት ደም መልስ ይገባል። በቀኝ ያለው ግን በጣም አጭር ሆኖ በቀጥታ ወደ ትልቁ የሰውነት ደም መልስ ይፈስሳል፤ ቢቀደድ ብዙ ደም ይፈስሳል። የፊዮክሮሞሳይቶማ ደም መልስ ሲዘጋ ደግሞ የአድሬናሊኑ ምንጭ ስለሚቋረጥ ከፍ ብሎ የነበረው ግፊት በደቂቃ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። የማደንዘዣ ሐኪሙ ይህን እየጠበቀ ፈሳሽና መድኃኒት ያዘጋጃል። ስለዚህ ሲጸልዩ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለማደንዘዣ ሐኪሙም ይጸልዩ።

ካንሰር ከተጠረጠረና ቱመሩ ትልቅ ከሆነ ወይም ወደ አካባቢው ከገባ በሰፊው የሚከፈተው ቀዶ ጥገና ዛሬም ይመረጣል። ምክንያቱም ቱመሩ ሳይፈርስ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ከፈረሰ ሕዋሳቱ በሆድ ውስጥ ተበትነው ይመለሳል። ሐኪምዎ ሰፊውን መንገድ ቢመርጥ ዘመናዊውን ስለማያውቅ ነው ብለው አይፍረዱ።

ከቀዶ ጥገና በኋላ፦ የማይቋረጠው እንክብል

በላፓሮስኮፒ የተሠራለት ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፊዮክሮሞሳይቶማ የነበረበት ሰው ግፊቱም ስኳሩም ሊወርድ ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን በቅርብ ይጠበቃል። ቀሪዋ ዕጢ ጤናማ ከሆነች በአንዷ ብቻ ሙሉ ሕይወት መኖር ይቻላል።

ስለ ውጤቱም እውነቱን ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ለኮን በሽታ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 100 ሰዎች በ94ቱ የሆርሞኑ መዛባት ሙሉ በሙሉ ተስተካክሏል። ያለ መድኃኒት ግፊታቸው ደህና የሆነው ግን 37ቱ ናቸው፤ ሌሎች 47 ደግሞ ግፊታቸው ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ ቁስሉ ዳነ ብለው የግፊት መድኃኒትዎን በራስዎ አያቁሙ።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ደርሰናል። ኮርቲሶል የሚያበዛ ቱመር ለወራት ወይም ለዓመታት ሲሠራ ሌላኛዋ ጤናማ ዕጢ ሥራ ስታጣ ትተኛለች። ቱመሩ በወጣ ቀን ሰውነት በድንገት ያለ ኮርቲሶል ይቀራል። በጥንት ጊዜ ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ታማሚው ከቀናት በኋላ የሚሞተው በዚህ ነበር። ኬንዳል፣ ራይክስታይንና ሄንች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የአድሬናል ሆርሞኖች ምርምር ይህን ታሪክ ለወጠው። ዛሬ ታማሚው ሃይድሮኮርቲሶን ይሰጠዋል፤ የተኛችው ዕጢ እስክትነቃ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ሁለቱም ዕጢዎች የወጡለት ሰው ደግሞ ሃይድሮኮርቲሶንና ፍሉድሮኮርቲሶን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የአዲሰን በሽታ ነበረባቸው፤ የአድሬናል ሆርሞን በመድኃኒት እየወሰዱ አገር መርተዋል።

ይህ እንክብል ሱስ አይደለም፤ ሰውነት መሥራት ያቃተውን የሚተካ ነው። በጸሎት ጉባኤ "ተፈውሻለሁ" ብሎ በዚያው ዕለት መጣል ሕይወትን ያሳልፋል። ጌታ ፈውሶ ከሆነ ፈውሱ በደም ምርመራ ይታያል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ስለ ጾምም እንዲሁ። ጾም ማለት ይህን እንክብል መተው ማለት አይደለም። ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ መዋል የአድሬናል ሆርሞን ለጎደለው ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጾምዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለመጋቢዎም ይንገሩ። መጋቢ ሆይ፣ እርስዎም ይህን ወገን ከጾሙ በመቅረቱ በመንፈስ ደካማ አድርገው አይቁጠሩት።

ሃይድሮኮርቲሶን የሚወስዱ ከሆነ እነዚህን ያስታውሱ፦

- ትኩሳት ሲይዝዎ ጤናማ ዕጢ ቢኖር ኖሮ ብዙ ኮርቲሶል ያመነጭ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጠኑ በእጥፍ ይጨመራል፤ እንዴት እንደሚጨምሩ ሐኪምዎ አስቀድሞ ይንገርዎ።
- ካስመለሰዎት እንክብሉ በሆድ አይቆይም። ሳይዘገዩ ሆስፒታል ሄደው በመርፌ ይውሰዱ።
- ኃይለኛ ድካም፣ ማዞር፣ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስና ግራ መጋባት የአድሬናል ቀውስ ምልክቶች ናቸው። "ትንሽ ልረፍ" የሚባልበት ጊዜ አይደለም።
- ስለ ሕመምዎ የሚገልጽ ወረቀት በኪስዎ ይያዙ። ቤተሰብዎም ይወቅ።

ፊዮክሮሞሳይቶማ የነበረባቸው ሰዎች በየዓመቱ መመርመር አለባቸው፤ ቱመሩ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና። ከሦስቱ በአንዱ ያህል መነሻው በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ ወንድምና እኅት፣ ልጆችም ስለ ምርመራ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ይህ የቤተሰብ እርግማን አይደለም፤ ቀድሞ ከታወቀ ቀድሞ የሚታከም ነገር ነው።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ቱመር አለብዎት ከተባሉ ደንግጠው ዝም አይበሉ። እነዚህን ጥያቄዎች ጽፈው ይሂዱ፦

1. ቱመሩ ሆርሞን ያመነጫል? ሜታኔፍሪንና ኮርቲሶል ተለክተዋል?
2. መጠኑና ጥግግቱ ስንት ነው? ካንሰር ያስጠረጥራል?
3. መውጣት አለበት ወይስ ክትትል ይበቃል?
4. ከቀዶ ጥገናው በፊት ምን ዝግጅት አለ? ለስንት ቀን?
5. ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም እንዲህ ያለውን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል?
6. ከዚያ በኋላ ሆርሞን መውሰድ ያስፈልገኛል? ለምን ያህል ጊዜ?

አምስተኛው ጥያቄ ድፍረት እንዳይመስልዎ። በዚህ ቀዶ ጥገና ልምድ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው። የሆርሞን በሽታዎች ሐኪም፣ የቀዶ ጥገና ሐኪምና የማደንዘዣ ሐኪም አብረው ወደሚሠሩበት ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ሩቅ ቢሆንም ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያንም ለመጓጓዣና ለምርመራ በመርዳት የፍቅር ሥራ ልትሠራ ትችላለች።

ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰም። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። በዚያው በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋውን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ በለሱንም በነቢዩ አፍ ያዘዘው እርሱ ነው። ንጉሡ "ተስፋ ስለ ተሰጠኝ በለሱ አያስፈልገኝም" አላለም። ሐዋርያው ጳውሎስም በአገልግሎቱ ብዙ ድንቅ ያየ ሰው ሆኖ ሳለ ሐኪሙን ሉቃስን የተወደደ ባልንጀራው አድርጎ ይጠቅሰዋል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሕመም እርስዎን ወይም የሚወዱትን ሰው አግኝቶ ከሆነ አይፍሩ። ይጸልዩ፤ ወገኖችም እንዲጸልዩልዎ ይጠይቁ። ምርመራውን ያድርጉ፤ የዝግጅቱን ቀናት በትዕግሥት ይፈጽሙ፤ እንክብሉን በሰዓቱ ይዋጡ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከእግዚአብሔር እጅ አልወጡም።

ጌታ ይፈውስዎ፤ ቤትዎንም ይባርክ። አሜን።